ሮኬተኞቹ ሸብተዋል፤ ሮኬቷስ?

አሜሪካ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰፊ የእርሻ ሜዳ ዳር መኪኖች ተደርድረዋል። ታጣፊ ወንበሮች ተዘርግተዋል። አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ «አምስት፣ አራት፣ ሦስት...» እያለ ይቆጥራል። ፊሽሽ! ክንድ የምታክል የካርቶን ሮኬት ጭሷን እየጎተተች ሽቅብ ትወጣለች። ጥቂት ቆይታ ጧ ትላለች። ፓራሹቷ ይከፈትና ነፋሱ ይዟት ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ከስልሳ ዓመት በፊት እንደነበረው ነው። የተለወጠው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ድሮ ሮኬቷ መሬት ሳትነካ ልጆች ተንጋግተው ይሮጡላት ነበር። አሁን አንድ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ደገፍ አድርገው ከወንበራቸው ይነሳሉ። የበቆሎውን ማሳ አሻግረው ያያሉ። «እዚያ ድረስ ልሂድ ወይስ ትቅር?» እያሉ ያወጣሉ ያወርዳሉ።

የሞዴል ሮኬት ወዳጆች አርጅተዋል። ታዲያ ጨዋታው ከእነሱ ጋር ያልፋል? ብዙ ሰው ችግሩ የወጣት እጥረት ይመስለዋል። እኔ አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ለማየት ግን መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንይ።

ሞዴል ሮኬት ማለት የወረቀት ቱቦ፣ ከቀላል እንጨት የተቆረጡ ክንፎች፣ ሾጣጣ አፍንጫና ኮላ ነው። አካሏ ብረት አይደለም። ከታች፣ ሆዷ ውስጥ፣ አውራ ጣት የምታክል ሞተር ትገባለች። ሞተሯን ባለቤቱ አይሠራትም። ከፋብሪካ ተሠርታ ትገዛለች፣ አንዴ ትነዳለች፣ ትጣላለች።

ይህች ሞተር ግሩም ነገር ናት። ታች በሸክላ የተሠራ ጠባብ ቀዳዳ አለ። በላዩ ታምቆ የተጠቀጠቀ ባሩድ አለ። ከባሩዱ በላይ ደግሞ እየጨሰ ቀስ ብሎ የሚነድ፣ ምንም የማይገፋ ሌላ ንብርብር። ከሁሉ በላይ ትንሽ የባሩድ ዱቄት። በኤሌክትሪክ ሽቦ ከሩቅ ትለኮሳለች። ባሩዱ ለአንድ ለሁለት ሰከንድ ያህል ነዶ ያልቃል። ሮኬቷ ግን በያዘችው ፍጥነት መውጣቷን ትቀጥላለች። በዚህ መሃል ሁለተኛው ንብርብር እየጨሰ ጊዜ ይቆጥራል። ሮኬቷ ጫፍ ደርሳ ልትመለስ ስትል የላይኛው ዱቄት ይፈነዳል፤ አፍንጫዋን ነቅሎ ፓራሹቱን ወደ ውጭ ይተፋል። ኮምፒውተር የለ፣ ባትሪ የለ። ሰዓቱም ባሩድ ነው።

ሞተሯ ላይ «ሲ6-5» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ይታያል። ፊደሉ የጠቅላላ ጉልበቷ ደረጃ ነው። ኤ ቢበዛ 2.5 ኒውተን ሰከንድ ነው። ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፣ ዲ እስከ 20 ይሄዳል። እንዲህ በየፊደሉ እጥፍ እየሆነ ጂ ላይ 160 ይደርሳል። 6 ማለት አማካይ ግፊቷ በኒውተን ሲሆን፣ 5 ደግሞ ፓራሹቱ እስኪወጣ የምትጠብቀው ሰከንድ ነው። ይህን እጥፍ የመሆን ነገር ያዙልኝ። ስለ ሜዳ ስናወራ ይመለሳል።

ጫማ ሻጩና መሐንዲሱ

ታሪኩ የሚጀምረው ከጫማ መደብር ነው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ኔብራስካ ግዛት፣ ኖርፎክ በምትባል ከተማ፣ ኦርቪል ካርላይል የሚባል ጫማ ሻጭ ነበር። ርችት መሥራት ይወዳል። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ የሞዴል አውሮፕላን ሰው ነው። በ1954 ሁለቱን ሙያ አጋብተው በባሩድ ሞተር የምትወጣ፣ በፓራሹት የምትመለስ የወረቀት ሮኬት ሠሩ።

በ1957 መጀመሪያ ላይ ካርላይል አንድ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አነበበ። ጸሐፊው ሃሪ ስታይን ነው፤ ኒው ሜክሲኮ በሚገኘው የኋይት ሳንድስ የሚሳይል መሞከሪያ የሚሠራ መሐንዲስ። ጽሑፉ ስለ ሮኬት ሙከራ ደኅንነት ነበር። ካርላይል ደብዳቤ ጻፈለት፣ ሮኬቶቹንም ላከለት። ስታይን ሲያያቸው ሲፈልገው የኖረውን መልስ አገኘ። በዚያን ጊዜ ልጆች የብረት ቱቦ ውስጥ የክብሪት ራስ፣ ዚንክና ድኝ እየጠቀጠቁ ሮኬት ለመሥራት ሲሞክሩ ጣታቸውንና ዓይናቸውን ያጡ ነበር። የካርላይል ሐሳብ ቀላል ነው፦ ልጁ ሮኬቱን ይሥራ፣ ባሩዱን ግን አይንካ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት 4 ቀን ሶቪየቶች ስፑትኒክን አመጠቁ። የአሜሪካ ልጅ ሁሉ ሮኬት፣ ሮኬት አለ። ዛሬም ያለው ብሔራዊ የሮኬት ማህበር የተመሠረተው በ1957 ነው።

ሞተሩን በብዛት የሚያመርት ሰው ጠፋ። የተገኘው ዴንቨር ውስጥ ከርችት ሠሪ ቤተሰብ የተወለደ ቨርን ኤስቲስ ነበር። በእጅ መጠቅጠቁን ትቶ ማሽን ሠራ። ማሽኗን «ሜብል» ብሎ ሰየማት። በ5.5 ሰከንድ አንድ ሞተር ትጨርስ ነበር። ሜብል ደንበኞቹ እነ ስታይን ከሚፈልጉት በላይ ማምረት ስትጀምር ኤስቲስ ቀሪውን ራሱ በፖስታ ይሸጥ ገባ። ኩባንያው ኮሎራዶ ውስጥ ፔንሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ ሰፈረ። በ1960ዎቹ የነበረ ልጅ ካታሎጉን እንደ መጽሐፍ ያነብ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ1969 ሰው ጨረቃን ሲረግጥ አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ የተወለደው በ1959 ነው። ዛሬ ወደ ሰባዎቹ እየተጠጋ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ እሱ ናቸው።

እየሄዱ የሚመለሱ ሰዎች

የዚህ ጨዋታ አንድ ጠባይ አለ። ሰው በአሥር ዓመቱ ይገባል። በአሥራ ስድስት ዓመቱ መኪና፣ ፍቅር፣ ኮሌጅ ይመጣና ይወጣል። ከዚያ ሃያ ሠላሳ ዓመት ድምፁ አይሰማም። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ የሮኬት ካርቶን ያያል። «ለልጄ ልግዛ» ይላል። ልጁ ሁለት ቅዳሜ ተጫውቶ ይሰለቸዋል። አባትየው ግን አይወጣም።

እንዲህ የተመለሱት ራሳቸውን «ዳግም የተወለዱ ሮኬተኞች» ይላሉ። ቃሉን ከቤተ ክርስቲያን ተውሰው ነው፤ ቀልድ ቢሆንም እውነትነት አለው። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ክለቦችን የሞሏቸው እነሱ ናቸው። ገንዘብ ነበራቸው፣ ጊዜ ነበራቸው፣ በልጅነታቸው ያልቻሉትን ትልቅ ሮኬት የመሥራት ምኞትም ነበራቸው።

ትልቅ ሲባል ቀልድ አይደለም። ከጂ በላይ ያሉት ሞተሮች ከኤች ይጀምራሉ። ባሩድ አይጠቀሙም። የሚነድባቸው አሞኒየም ፐርክሎሬት በጎማ ተለውሶ የሚሠራ ድብልቅ ነው፤ የናሳ መንኮራኩር ጎን የነበሩት ግዙፍ ሮኬቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ለእነዚህ ሦስት ደረጃ የምስክር ወረቀት አለ። አንደኛው ለኤችና አይ፣ ሁለተኛው እስከ ኤል፣ ሦስተኛው ከኤም ወዲያ ላለው። ደረጃውን ለማግኘት የራስህን ሮኬት ሠርተህ፣ ሰዎች እያዩህ አስወንጭፈህ፣ ሳይሰበር መመለስ አለብህ። ሙሉውን ፈቃድ ለማግኘት ዕድሜ 18 መሙላት ግድ ነው።

አዋቂዎቹ ጨዋታውን አሳደጉት። መንግሥትንም ከሰሱት። የፌዴራሉ የፈንጂ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህን ድብልቅ ከፈንጂ መድቦት ነበር። ብሔራዊው ማህበርና ትሪፖሊ የሚባለው ሌላው ማህበር በ2000 ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2009 ረቱ፤ ድብልቁ ከፈንጂዎች መዝገብ ወጣ። ልብ በሉ፣ ይህን የአሥር ዓመት ልጅ አያደርገውም። ለዘጠኝ ዓመት ክርክር ጠበቃ የሚያቆም ሽበት ያለው ሰው ነው። ጨዋታው አረጀ ብለን ስናማርር ይህን መርሳት የለብንም።

ግን የመመለሱ ነገር አንድ ቀዳዳ አለው። የሚመለሰው አስቀድሞ የገባ ሰው ብቻ ነው። በ1960ዎቹ የነበረው የሮኬት ፍቅር በኋላ በዚያ ስፋት አልተደገመም። በልጅነቱ ሮኬት ያልለኮሰ የአርባ ዓመት ሰው ደግሞ የሚናፍቀው ነገር የለውም። ስለዚህ ማዕበሉ አንድ ጊዜ መጣ፣ አንድ ጊዜ ተመለሰ፣ አሁን እየሸሸ ነው።

ወጣትስ ጠፋ?

አልጠፋም። እንዲያውም ሞልቷል።

ከ2002 ጀምሮ በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በየዓመቱ የሚወዳደሩበት ብሔራዊ የሮኬት ውድድር አለ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ይገቡበታል። ጥያቄው ያስቃል፦ ጥሬ እንቁላል ሮኬት ውስጥ አስገብታችሁ፣ የተባለው ከፍታ ድረስ አውጡና፣ በተባለው ሰከንድ መልሱ። እንቁላሉ ከተሰነጠቀ አለቀ። በየዓመቱ ከፍታውም ሰዓቱም ስለሚቀየር የአምናው ሮኬት አያዋጣም።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። በ2019 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት ሮኬት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ያለውን የጠፈር ወሰን አለፈ። በ2024 ያው ቡድን 143 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ። ቤታቸው ቁጭ ብለው በትንሽ ኮምፒውተር የሞተር አፍ የሚያዞሩ፣ ሮኬታቸውን በጭራዋ ለማሳረፍ የሚታገሉ ወጣቶችም አሉ። የድሮው ሮኬተኛ ይህን በሕልሙም አላየውም።

እንግዲህ ወጣቱ አለ፣ ፍላጎቱ አለ፣ ችሎታውም አለ። የጎደለው መሃሉ ነው። ተማሪው ሮኬቱን የሚያውቀው በቡድን፣ በመምህር፣ በውድድር ቀን ነው። ሲመረቅ ቡድኑ ይቀራል፤ እሱ ሥራ ይይዛል። ምናልባትም የእውነት ሮኬት የሚሠራ ኩባንያ ይቀጥረዋል። ቀኑን ሙሉ ሮኬት ሲያይ የዋለ ሰው ቅዳሜን ለሌላ ነገር ቢያውል አልፈርድበትም። የ28 ዓመት ሰው በክለቡ ሜዳ ላይ ብርቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ወጣቶቹ ያለ ሽማግሌዎቹ አይኖሩም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አይኖሩም። ቢያንስ በዚህ መልኩ አይኖሩም። ናሳ ለተማሪዎች በሚያዘጋጀው ውድድር እያንዳንዱ ቡድን ከሁለቱ ማህበራት በአንዱ የተመሰከረለት አማካሪ እንዲኖረው ደንቡ ያዛል። አማካሪው የሚገኘው ደግሞ ታጣፊ ወንበሩ ላይ ነው። ልጆቹ ልምምድ የሚያደርጉበት ሜዳም የክለቡ ነው።

ሜዳው፣ ሜዳው፣ ሜዳው

የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። የማህበሩ የደኅንነት ደንብ ለእያንዳንዱ ሞተር የሜዳ ስፋት ይደነግጋል። ለኤ ሞተር አንድ ጎኑ 30 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ የእግር ኳስ ሜዳ ግማሹ ይተርፋል። ለሲ 120 ሜትር ያስፈልጋል። ለዲ 150። ከኢ እስከ ጂ 300 ሜትር። የፊደሎቹ እጥፍ እጥፍ እዚህ ጋ ዋጋውን ያስከፍላል። ከጂ ሲያልፍ ሜዳው ከዚያም ይሰፋል፣ ከፌዴራሉ አቪዬሽን አስተዳደርም የአየር ክልል ፈቃድ ይጠየቃል። ክብደታቸው ከ1,500 ግራም የማይበልጥ፣ ነዳጃቸው ከ125 ግራም የማይበልጥ ትንንሾቹ ግን ያ ፈቃድ አያሻቸውም።

አሁን አስቡት። ዛፍ የሌለበት፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶ የሌለበት፣ ቤት የራቀው፣ ባለቤቱ እሺ ያለ ሰፊ መሬት ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገበሬ ነው። ገበሬው እሺ ያለው ክለቡን ስለወደደ አይደለም። አንዱን ሰው ስለሚያውቀው ነው። ሃያ ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች ናቸው። ስምምነቱ ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ በእጅ መጨባበጥ የቆመ ነው። ያ ሰው ሲሞት ስምምነቱም አብሮት ይቀበራል። ገበሬው ሞቶ ልጆቹ መሬቱን ለቤት ሠሪዎች ቢሸጡትም ያው ነው። ከተማ እየሰፋ ሲመጣ ክለቡ ሌላ ሜዳ ፍለጋ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ወደ ገጠር ይነዳል። የሰባ ዓመት ሰውም፣ መኪና የሌለው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅም እኩል የሚቀሩት ያኔ ነው።

ሌላው ዕቃው ነው። ማስወንጨፊያ ዘንጎቹ፣ ሽቦው ሁሉ፣ መቆጣጠሪያ ሳጥኑ፣ ድምፅ ማጉያው የሚቀመጠው አንድ ተጎታች ጋሪ ውስጥ ነው። ጋሪው የሚቆመው አንድ ሰው ግቢ ውስጥ ነው። ክለቡ መቶ አባል ቢኖረው እንኳ ማለዳ መጥተው የሚዘረጉት፣ ማታ የሚሰበስቡት ሦስት አራት ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ሁለቱ ወገባቸውን ቢታመሙ ጨዋታ የለም።

እውቀቱ ይጠፋል ብለው የሚፈሩም አሉ። እኔ እዚህ ላይ ብዙም አልሰጋም። ድሮ ሮኬት ቀጥ ብላ መሄዷን ለማወቅ ሚዛኗ ላይ ክር አስረው በጭንቅላታቸው ላይ ያዞሯት ነበር፤ አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደኅና ናት። በ1966 ጄምስ ባሮውማን የሚባል የናሳ መሐንዲስ ይህንኑ በእርሳስና በወረቀት የሚያሰላ ቀመር አቀረበ። በ2009 ደግሞ አንድ ፊንላንዳዊ ተማሪ ለመመረቂያው «ኦፕን ሮኬት» የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠራ። ዛሬ አንድ ልጅ ክንፉን በስክሪን ላይ ሲጎትት ሮኬቷ ስንት ሜትር እንደምትወጣ ወዲያው ያያል። የእንጨቱ ጭረት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጋር መሄድ እንዳለበት፣ ካልሆነ ክንፉ እንደ ብስኩት እንደሚሰበርም ከቪዲዮ ይማራል። ዕውቀት መንገድ አያጣም። ሜዳ ግን በቪዲዮ አይወረስም።

ፋብሪካውስ? ኤስቲስ በ2018 ወደ ላንግፎርድ ቤተሰብ እጅ ገባ። ጆን ላንግፎርድ የአውሮፕላን ኩባንያ መሥርቶ ያሳደገ መሐንዲስ ነው፤ በወጣትነቱ ራሱም ሮኬተኛ ነበር። ደስ የሚል ዜና ነው። በአንድ ወገን ግን ያሳስባል፤ ይህን የሚገዛ ሰው የሚገኘው በልጅነቱ ከለኮሱት መካከል ከሆነ፣ ቀጣዩ ገዢስ ከየትኛው ትውልድ ይመጣል?

ስለ ጋራዡ አንድ ነገር ልበል፤ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ይጠቅማል። የቆየ ሮኬተኛ ሲያርፍ ባለቤቱ ጋራዥ ውስጥ ያልተከፈቱ ካርቶኖችና የሠላሳ ዓመት ሞተሮች ታገኛለች። ካርቶኖቹን የሚሰበስብ ይፈልጋቸዋል። ሞተሮቹ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጋራዥ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይበርዳል። ባሩዱና የወረቀቱ ቱቦ እኩል አይሰፉም፣ እኩል አይጠቡም። ከዓመታት በኋላ ባሩዱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ከቱቦው ግድግዳ ይላቀቃል። ሲለኮስ እሳቱ ከታች ቀስ እያለ በመብላት ፈንታ በስንጥቁ ይሮጣል። ግፊቱ በአንዴ ይንርና ሞተሩ ይፈነዳል። ሮኬተኞች «ኬቶ» ይሉታል። ስለዚህ ለጎረቤት ልጅ መስጠት አይገባም፣ በፖስታም አይላክም። በአቅራቢያ ያለውን ክለብ መጥራት ነው።

ሁሉም አገር እንዲህ አይደለም። በምሥራቅ አውሮፓ ጨዋታው በስፖርት መልክ ነው ያደገው። የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ1972 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ቭርሻትስ ላይ ተካሄደ። እዚያ አሠልጣኝ አለ፣ ሠልጣኝ አለ፤ በዓለም ሻምፒዮናው ወጣቶች በራሳቸው ምድብ ይወዳደራሉ። ሽማግሌው ከመጀመሪያውም ቦታው የአሠልጣኝነት ነው። የአሜሪካው ክለብ ግን የእኩዮች ማኅበር ነው፤ እኩዮች ደግሞ አብረው ያረጃሉ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ልመለስ። አካሉ ሲደክም ጨዋታውን መተው ግድ አይደለም። ነፋስ ሲኖር ፓራሹቱን ትቶ ረጅም ጥብጣብ መጠቅለል ይቻላል፤ ሮኬቷ ቶሎ ትወርዳለች፣ ሩቅ አትሄድም። ሩቅ ለሚሄዱት አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወደ ትንንሾቹ መመለስ ነው። ኤ ሞተር፣ ትንሽ ሜዳ፣ አጭር እግር ጉዞ። ትልቅ ሮኬት ሲያስወነጭፍ የኖረ ሰው ይህን እንደ ውርደት ሊቆጥረው ይችላል። እኔ ግን ጥቅሙ ሁለት ይመስለኛል። ለጉልበቱ ይቀላል። በዚያ ላይ ትንሹ ሜዳ ሠፈር ውስጥ ይገኛል፤ ልጆችም ያሉት እዚያው ነው።

ለክለቦቹ ደግሞ ሥራው ልጅ መሰብሰብ አይመስለኝም። ልጁን ትምህርት ቤቱ ያመጣዋል። ሥራው ያ ልጅ ሲመረቅ የሚሄድበት ቦታ ማዘጋጀት ነው። ገበሬው ዘንድ ሲኬድ የሃያ አምስት ዓመቷን መሐንዲስ ይዞ መሄድ። ፊቷን ይልመደው፣ ስሟን ይወቅ። የሜዳውን ስምምነት በወረቀት ማስፈር። የጋሪውን ዕቃ ዝርዝር ከአንድ ሰው ጭንቅላት አውጥቶ መጻፍ።

ቁልፉንም መስጠት ነው። መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የደኅንነት ቁልፍ አለ፤ እሱ ካልገባ ምንም አዝራር ቢጫኑ ሞተር አይለኮስም። ሮኬት ሳትነሳ ስትቀር ቁልፉ ይነቀላል፣ ስልሳ ሰከንድ ይጠበቃል፣ ከዚያ ብቻ ሰው ይጠጋል። ያ ቁልፍ በብዙ ሜዳዎች ላይ ለዓመታት አንድ ሰው አንገት ላይ ነው የተንጠለጠለው። ሽማግሌው ገና ወንበራቸው ላይ እያሉ፣ ገና «ቆይ፣ ነፋሱ በርትቷል» ማለት እየቻሉ፣ ሌላ ሰው አንገት ላይ ይዋል። አንድ ቅዳሜ ቆጠራውን እሷ ትቁጠር።